ፈቃዱ ለማን ቆመ? የፊዚዮቴራፒ ሙያ ቁጥጥር በአሜሪካ ግዛቶች



የዛሬው ርእሳችን በአሜሪካ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሥራ ፈቃድ እንዴት እንደሚሰጥና እንዴት እንደሚነጠቅ የሚያስረዳ ነው። ነገሩ ለብዙዎቻችን የማመልከቻና የማኅተም ጉዳይ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከማኅተሙ በስተጀርባ አንድ ብርቱ ጥያቄ አለ፤ ፈቃዱ የቆመው ለባለሙያው ነው ወይስ ለታካሚው? በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በአሜሪካ የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው በየግዛቱ እንጂ በፌዴራሉ መንግሥት አይደለም። የሕዝብን ጤናና ደኅንነት የመጠበቅ ሥልጣን በዋናነት የግዛቶች ነውና። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዴንት የተባለ ባለጉዳይ ከዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ጋር ባደረገው ክርክር በ1889 በሰጠው ውሳኔ፣ ግዛቱ ሐኪሞችን በፈቃድ የመቆጣጠር መብት እንዳለው አጽንቷል። የውሳኔው መሠረት ዛሬም የጸና ነው፤ ሕመምተኛ የሐኪሙን እውቀት ራሱ መመዘን ስለማይችል፣ ስለ እርሱ ሆኖ የሚመዝንለት ያሻዋል።

ፊዚዮቴራፒ በዚያች አገር የጎለበተው በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችንና በፖሊዮ የተጎዱ ሰዎችን በማገልገል ነው። በ1921 ሜሪ ማክሚላንን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ያደረገ የሙያ ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበር ግን ሥልጣኑ በአባላቱ ላይ ብቻ ነው፤ ከማኅበሩ ውጭ ያለውን ያልተማረ ሰው ከታካሚ አልጋ ሊያርቀው አይችልም። ያን ማድረግ የሚችለው ሕግ ነው።

ዛሬ እያንዳንዱ ግዛት የፊዚዮቴራፒ ሕግ አለው። ሕጉ ሁለት ነገሮችን ይጠብቃል። አንደኛው ስያሜው ነው፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ራሱን ፊዚዮቴራፒስት ብሎ መጥራት አይችልም። ሁለተኛው ሥራው ነው፤ ስሙን ለውጦም ቢሆን በሕግ ለባለሙያው የተለየውን ሕክምና መስጠት አይፈቀድለትም። ስያሜው ብቻ ቢጠበቅ ኖሮ አጭበርባሪ አዲስ ስም አውጥቶ ሥራውን በቀጠለ ነበር።

ለፈቃድ የሚበቃ ሰው በመጀመሪያ እውቅና ካለው ትምህርት ቤት መመረቅ ይኖርበታል። ከ2016 ወዲህ በአገሪቱ ለሙያው መግቢያ የሚሆነው የፊዚዮቴራፒ ዶክትሬት ነው። ቀጥሎ በግዛቶቹ ቦርዶች ፌዴሬሽን የሚዘጋጀውን አገር አቀፍ ፈተና ይወስዳል። የፈተናው ውጤት ከ200 እስከ 800 በሚደርስ መለኪያ ይገለጻል፤ ማለፊያው 600 ነው። አንድ ሰው በ12 ወራት ውስጥ ከሦስት ጊዜ፣ በዕድሜ ልኩም ከስድስት ጊዜ በላይ ሊቀመጥበት አይችልም። ፈተናው የጋራ ቢሆንም ፈቃዱን የሚሰጠው ግን የየግዛቱ አካል ነው።

በውጭ አገር የተማረ ባለሙያ፣ ኢትዮጵያዊውን ጨምሮ፣ ከዚህ በፊት ትምህርቱን ያስመዝናል። በምዘናው የሚታየው የዲግሪው ስም ብቻ ሳይሆን የኮርሶቹና የተግባር ልምምዱ ይዘት ጭምር ነው። ስለዚህ ወደዚያ የሚያስብ ተማሪ የኮርሶቹን ዝርዝርና የልምምድ ሰዓቱን ማስረጃ ከአሁኑ ቢይዝ ኋላ ከብዙ እንግልት ይድናል።

ፈቃድ ማግኘት ግን የነገሩ መጨረሻ አይደለም። ባለሙያው ፈቃዱን በየጊዜው ያድሳል። አቤቱታ ሲቀርብበት ቦርዱ መርምሮ ሊገሥጸው፣ ሥራውን ሊገድብበት፣ ፈቃዱን ሊያግድ ወይም ሊሰርዝ ይችላል።

እዚህ ላይ ነው የመነሻው ጥያቄ ተመልሶ የሚመጣው። ነብራስካ በ1957 ታካሚ ያለ ሐኪም ማዘዣ ወደ ፊዚዮቴራፒስት እንዲሄድ ፈቀደች፤ በ2015 ሚሺጋን ስትጨመር በሁሉም ግዛቶች በተወሰነ ደረጃ የተፈቀደ ሆነ። ገደቡ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በኒው ዮርክ ያለ ማዘዣ የሚቻለው አስር ጊዜ መታከም ወይም ለ30 ቀናት መቆየት ነው። በካሊፎርኒያ ደግሞ 12 ጊዜ ወይም 45 ቀናት ነው። በሁለቱም ዘንድ ቀድሞ የደረሰው ይወስናል። የታካሚው ወገብ የግዛት ድንበር ሲሻገር ባሕርዩ አይለወጥም። እንግዲያው ልዩነቱን የወለደው የሕክምና ማስረጃ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ የሙያዎች ፉክክርና የሕግ አውጪዎች ድርድርም እጃቸው አለበት።

በኖርዝ ካሮላይና ይህ ፉክክር ፍርድ ቤት ደርሷል። ፊዚዮቴራፒስቶች የጡንቻን ሕመም ለማስታገስ መድኃኒት በሌለው ቀጭን መርፌ መውጋታቸውን የአኩፓንክቸር ቦርድ ተቃወመ። በ2018 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለፊዚዮቴራፒ ቦርድ ፈረደ። ከዚያ ቀደም በ2015 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው ግዛት የጥርስ ሐኪሞች ቦርድ ጉዳይ ከባድ ማስጠንቀቂያ የያዘ ፍርድ ሰጥቶ ነበር። ቦርዱ የጥርስ ሐኪሞች ያልሆኑ ሰዎችን ከጥርስ ማንጻት ሥራ አግዶ ነበር። ፍርድ ቤቱም፣ በዚያው ገበያ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚያዙበት ቦርድ ግዛቱ በንቃት ካልተቆጣጠረው ከፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ከለላ አያገኝም አለ።

ቁጥጥሩን ያለ አግባብ ከመዝጋት የሚያወጣ መንገድም አለ። በርካታ ግዛቶች በፈረሙት ስምምነት መሠረት፣ ከ2018 ጀምሮ በመኖሪያ ግዛቱ ንጹሕ ፈቃድ ያለው ባለሙያ በሌላው አባል ግዛት የመሥራት መብት ያገኛል። ጥፋት ቢፈጽም ግን ቅጣቱ ድንበር ተሻግሮ ይከተለዋል።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው መመዘኛ አንድ ነው። አዲስ መስፈርት ሲቀርብልን፣ «ይህ ታካሚውን ከየትኛው ጉዳት ይጠብቀዋል?» ብለን እንጠይቅ። ግልጽ መልስ ያለው መስፈርት ቢከብድም ይጽና። መልስ የሌለው ግን ለባለሙያው አጥር፣ ለታካሚው ወረፋ ይሆናል። ነገ ከእናንተ መካከል በቦርድና በኮሚቴ የምትቀመጡ ይህን ጥያቄ ከፊታችሁ እንዳታነሱት አደራ እላለሁ።