ቀዩ መስመርና ስሱ ሶላር

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ በወባ ፈጣን መመርመሪያ ላይ ብቅ የምትለው ቀይ መስመር አብዛኛውን ጊዜ የወርቅ ሥራ ናት። ወርቅ በአሥርታት ናኖሜትሮች ወደሚለካ ቅንጣት ሲያንስ (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ቢጫነቱን ይተዋል። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኖቹ እንደ እስክስታ ወራጅ ትከሻ በአንድ ምት ይወዛወዛሉ። ምታቸው ከአረንጓዴው ብርሃን ጋር ስለሚገጥም አረንጓዴው ይዋጣል፤ ለዓይናችን ቀዩ ይተርፋል። ውዝዋዜው ፕላዝሞን ይባላል። የ4ኛው ክፍለ ዘመን ሮማውያን ብርጭቆ ሠሪዎች ምሥጢሩን ሳያውቁት ተጠቅመውበታል፤ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ያለው ዋንጫቸው ከፊት ሲበራበት አረንጓዴ፣ ከኋላ ሲበራበት ቀይ ነው።

ይኸው ውዝዋዜ ከፕላስቲክ (ከፖሊመር) ለሚሠራ ሶላርም ይፈለጋል። በደቡብ አፍሪካ የክዋዙሉ ናታል ዩኒቨርሲቲ የሚመራመሩት ኢትዮጵያዊው የፊዚክስ ሊቅ ገነነ ተሰማ ሞላ ከባልደረቦቻቸው ጋር የብረታ ብረት ናኖ ቅንጣቶችን በፖሊመር ሶላር ውስጥ እየጨመሩ በተደጋጋሚ ፈትነዋል። ችግሩ ግልጽ ነው። በፖሊመር ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙሌት ሩቅ አይሄድም፤ ስለዚህ ብርሃን የሚውጠው ንጣፍ ብዙ ጊዜ 100 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። ቢወፍር ሙሌቱ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ቢሳሳ ብርሃኑ ሾልኮ ያልፋል። የብር ወይም የወርቅ ቅንጣት ብርሃኑን እየበተነና ዙሪያውን እያከማቸ ስሱ ንጣፍ የወፍራሙን ያህል እንዲውጥ ያግዛል።

ብልሃቱ ያማረ ነው፤ ለጅቡቲ ግን መልስ የሚሰጠው ከተማዋ ላልጠየቀችው ጥያቄ ይመስለኛል። እዚያ ብርሃን ሞልቶ ፈሷል። የጠፋው የሞቃቱ ወቅት ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ የባሕር እርጥበት በማይለቀው ጣሪያ ላይ ዓመታት የሚከርም ፖሊመር ነው። ሲሊከንም በሙቀት ይዳከማል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ይመለሳል። በኦክስጅንና በውኃ የተበላሸ ፖሊመር አይመለስም። ቅንጣቶቹ ከዚያው ስፋት ተጨማሪ ኃይል ያስገኛሉ ለሚለውም፣ ቅንጣቱ ራሱ የዋጠው ብርሃን በአብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ጎላ ያለ ጭማሪም የሚታየው ብዙ ጊዜ መነሻው ደካማ በሆነ ሶላር ላይ ነው። በቤተ ሙከራ ወደ 20 በመቶ የደረሱት የዛሬዎቹ ኦርጋኒክ ሶላሮች ያደጉት በዋነኛነት በአዳዲስ ብርሃን ዋጭ ቁሶች ነው።

በመመርመሪያው ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ብርሃን መዋጥ ኪሳራ ሳይሆን ሥራው ራሱ ነው። ጅቡቲም ይህ ሥራ በጣም ያስፈልጋታል። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ከተማ ወዳድ ትንኝ በተገኘችበት በ2012 እ.ኤ.አ. አገሪቱ የመዘገበችው የወባ ሕሙማን ቁጥር 27 ነበር፤ በ2020 ከ73,000 በላይ ሆነ። እርግጥ በአካባቢው ብዙ የወባ ተውሳኮች የተለመደው መመርመሪያ የሚፈልገውን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረ መል ስለጣሉ ምርመራው ሕመምተኛውን ጤነኛ ሊል ይችላል። ይህ ግን የወርቁ ጥፋት አይደለም። ወርቁ የተያዘውን ያሳያል እንጂ የሚይዘው በላዩ የተጣበቀው ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ሌላ ፕሮቲን የሚፈልግ ቢተካ ያው ወርቅ ያገለግላል። መስመሯም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ከታየች በቂ ነው። የሶላር ተመራማሪዎችን ብጠይቅ ግን የምፈልገው በመጀመሪያው ቀን የተለካውን ቁጥር አይደለም፤ ባልባላ በተባለው የጅቡቲ ከተማ ሰፈር ጣሪያ ላይ ከነሐሴ በኋላ የተረፈውን ነው።