አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ
አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ በታዳጊ አገሮች ለሚገኙ ተማሪዎች ርካሽ ላፕቶፕ ለማዳረስ የታቀደ ፕሮጀክት ነበር። አሜሪካዊው ምሁር ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ሲያደርጉት የአንዱ ዋጋ 100 ዶላር እንዲሆን ታስቦ ነበር። ኤክስኦ የተባለው ላፕቶፕ በ2007 በብዛት መመረት ሲጀምር ግን ዋጋው ወደ 200 ዶላር ተጠጋ።

የላፕቶፑ ስክሪን በፀሐይ ብርሃን ይነበባል፤ ቁልፎቹም አቧራና ውሃ እንዳያስገቡ በጎማ ተሸፍነዋል። በኢትዮጵያ በሺህ የሚቆጠሩ ላፕቶፖች ለተማሪዎች ተሰጥተዋል፤ የግዕዝ ፊደላት ያሉት ኪቦርድም ተሠርቷል።

ብዙ ላፕቶፕ ባከፋፈለችው በፔሩ፣ 319 የገጠር ትምህርት ቤቶችን የመረመረና በ2012 የወጣ ጥናት በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ መሻሻል አላገኘም። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ኢንተርኔት አልነበራቸውም፤ መምህራኑም በላፕቶፑ እንዴት እንደሚያስተምሩ በቂ ሥልጠና አላገኙም።