ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ስለ መግዛት

ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ለመግዛት የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ዐይኑን የሚጥለው በቀለሙ ላይ፣ ጆሮውንም የሚሰጠው ለሞተሩ ድምፅ ነው፤ እኔ ግን የምርመራው ቅደም ተከተል ተለውጦ፣ ከሁሉ በፊት ዐፅሙ፣ ይኸውም ሻንሲው፣ እንዲታይ አጥብቄ እመክራለሁ። ሞተር ቢደክም ፒስተኑና ፋሻው ተለውጦ፣ ቫልቩም ተስተካክሎ ጕልበቱ ይመለሳል፤ በግጭት የተጣመመ ሻንሲ ግን፣ በመዶሻና በብየዳ ቢቃና እንኳ፣ የቀድሞ ጽናቱን የሚያገኘው ከስንት አንዴ ስለሆነ፣ ቍልቍለት ላይ ፍሬን በተያዘ ጊዜ ነጂውን ወደ አንድ ወገን እየጐተተ ለአደጋ አሳልፎ ይሰጠዋል፤ የዚህም ስሕተት ዋጋ የሚከፈለው በብር ሳይሆን በነፍስ ነው።

ስለዚህ ገዢው ከኋላ በኩል ጥቂት ርምጃ ፈቀቅ ብሎ፣ ጕልበቱንም አጥፎ፣ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መሥመር መዋላቸውን ይመልከት፤ ቀጥሎም መሪው ከሻንሲው ጋራ የሚጋጠምበትን አንገት በእጁ እየዳሰሰ፣ ቀለሙ የተሰነጠቀ፣ አዲስ ብየዳ የተጨመረበት፣ ወይም ያ ስፍራ ብቻ ተለይቶ የተቀባ እንደሆነ ያስተውል። አዲስ ቀለም በራሱ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ግላስ የለበሰች በቅሎ ከሥር ገጣባ ልትሆን እንደምትችል ሁሉ፣ በአሮጌ አካል ላይ ያረፈ ትኩስ ቀለምም ምክንያቱ መጠየቅ አለበት። የመሪው ጫፍ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎች፣ የእግር መርገጫውም በአንድ ወገን ተፍቀው ከተገኙ፣ ሻጩ ዝም ቢል እንኳ እነርሱ የውድቀቱ ምስክሮች ናቸው። ደግሞም የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሥቶ መሪውን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያዞሩት፣ መካከል ላይ ደርሶ ቆንጠጥ አድርጎ የሚይዝ ከሆነ፣ የአንገቱ ኩሽኔታ ተበልቷል።

ወደ ሞተሩ ስንመለስ፣ ገዢው ሳይደርስ እንዳይነሣ አስቀድሞ ማሳሰብ፣ ሲደርስም እጁን አሳርፎ ቅዝቃዜውን ማረጋገጥ ይገባዋል፤ በብርድ አልነሣ የሚል ሞተር ከሞቀ በኋላ ደዌውን ይሰውራልና። ጢሱን ለመመርመር ግን የሞተሩን ባሕርይ ማወቅ ያስፈልጋል። በገጠር በግብርናና በጤና ሠራተኞች እጅ ብዙ ዘመን ያገለገሉት ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 ባለ ሁለት ምት ስለሆኑ፣ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋራ አብሮ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ሲነሡ ጥቂት ሰማያዊ ጢስ ቢያወጡ ባሕርያቸው ነው፣ አያስከስሳቸውም። ባለ አራት ምት የሆነው ባጃጅ ቦክሰር ግን ሰማያዊውን ጢስ ሳያቋርጥ ቢተፋ፣ ዘይት ወደማይገባበት ክፍል እየዘለቀ መሆኑ ግልጽ ስለሆነ፣ የፋሻው ወይም የቫልቩ ጥገና ወጪ ከዋጋው ላይ ይቀነስ። ጥቁር ጢስ ከቤንዚን መብዛት የሚመጣ ነውና ብዙ አያስጨንቅም፤ ካርቡራቶሩን ማስተካከል ወይም የአየር ማጣሪያውን ማጽዳት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል።

ከሞተሩ ቀጥሎ ካቴናው ይታይ፤ ከኋላው ባለ ጥርስ ብረት ላይ ወደ ኋላ ሲስቡት ጥርሱ በግማሽ እስኪታይ ከተነሣ አልቋል፤ የሚለወጠውም ከሁለቱ ባለ ጥርስ ብረቶች ጋራ አንድ ላይ ነው። የጎማውን ዕድሜ ለማወቅም፣ በጎኑ የታተሙት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

የቀረው የሰነዱ ነገር ነው፤ በዚህም ትዕግሥት ማጣት ብዙዎችን ጎድቷል። በሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሻንሲና የሞተር ቍጥር በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋራ ገዢው ራሱ በዐይኑ ያስተያይ፤ ቍጥሩ ተሞርዶ ወይም እንደ ገና ተቀርጾ ካየም፣ ዋጋው የቱን ያህል ቢረክስ ትቶ ይሂድ። ያለ ቀረጥ ገብቶ በርዳታ ድርጅት ሥራ ላይ የነበረ እንደሆነ ቀረጡ መከፈሉን፣ በብድር ወይም በፍርድ ቤት እገዳ አለመያዙን፣ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው መስማማቱን፣ በውክልና የሚሸጥም ከሆነ ውክልናው ለመሸጥ ሥልጣን የሚሰጥ ቃል በግልጽ መያዙን ይጠይቅ። ገንዘቡንም ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ፊት ከመፈረሙ በፊት አይስጥ፤ ከተፈረመም በኋላ ሊብሬው በስሙ እስኪዞር ድረስ ጉዳዩን ለነገ አያሳድር።