በሐረር ጓዳ የሚሰናዳ የየዕለቱ ራት

ሐረርን ለመጎብኘት የሚመጡ እንግዶች የጁገልን ግንብና አምስቱን ጥንታዊ በሮች፥ ሲመሽም ጅብ የሚቀለብበትን ስፍራ አይተው ይመለሳሉ። ስለ ቡናዋም ብዙ ተጽፏል። ዳሩ ግን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በግንቡ ውስጥ በየጓዳው ምን እንደሚበስል የሚጠይቅ እንግዳ ጥቂት ነው። እኛም ባለቤቴ ለሥራ ወደዚህ ከተማ ተዛውረው እስክንመጣ ድረስ አልጠየቅንም ነበርና፥ በኋላ ያየነውንና የተማርነውን ለዚህ ገጽ አንባብያን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን።

ከሸዋ የመጣ ቤተ ሰብ በሐረር አስቀድሞ የሚያሳስበው የጤፍ ነገር ነው። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማዋን ይዘው ኋላ ራስ የተባሉትን መኰንንን ከሾሙ ጊዜ ጀምሮ፥ ከደጋው አገር የመጡት ሹማምንትና ወታደሮች የየቤታቸውን የአበላል ልማድ ይዘው ገቡ። የሐረርጌ ምድር ግን ከሁሉ ይልቅ የማሽላ ምድር ነው። ማሽላ የዝናብ ማጠርን የሚታገሥ እኽል ሲሆን፥ ፍሬው ለሰው፥ ቅጠሉ ለከብት፥ አገዳው ለማገዶ ይሆናል። ይህን እያየን ብዙዎቻችን ማሽላን የችግር ጊዜ እኽል አድርገን ቆጥረን ጤፍን ከሩቅ በውድ ዋጋ እናስመጣለን። እኔም ከነዚሁ አንዷ ነበርሁ።

የጤፍ ዋጋ ባስጨነቀን ወራት በአንዱ ቀን ነጭ ማሽላ አስፈጭቼ እንጀራ ጋገርሁ። ጧት ከምጣዱ ሲወጣ ዓይኑ ያማረ ነበር፤ ለራት በቀረበ ጊዜ ግን ደርቆ እንደ ገል ይሰባበር ጀመር። ባለቤቴ በጨዋነት ዝም አሉ፤ ልጆቹ ግን ሳቁ። በማግሥቱ ነገሩን በአጠገባችን ለሚኖሩ ለአንዲት የሐረሪ ባልቴት አጫወትኋቸው። በሰፈሩ ሁሉም በአክብሮት «አባይ» እያለ ይጠራቸዋል።

«ልጄ፥ ማሽላው ምንም አልበደለሽ፤ ጤፍ ነው ብለሽ ጋግረሽው ነው እንጂ» አሉኝ።

ትምህርታቸውም ይህ ነው። የጤፍ እንጀራ ሁለትና ሦስት ቀን ልስልስ ሆኖ ይቆያል፤ የማሽላ እንጀራ ግን ቶሎ ስለሚደርቅ ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ይጋገራል፤ ለራት የሚሆነውም ከጧት ይልቅ ወደ ማታ ቢጋገር ይሻላል። አብሲቱን መቸኰል አይገባም። ከቦካው ሊጥ ጥቂቱ በፈላ ውኃ ውስጥ እየተማሰለ በደንብ በስሎ፥ በረድ ሲልም ወደ ሊጡ ሲመለስ እንጀራውን ያለሰልሰዋል። ቀዩ ማሽላ መረር ስለሚል ለእንጀራ የሚመረጠው ነጩ ነው። ጤፍ ፈጽሞ አይቅርብኝ ለሚልም ጥቂት ጤፍ ቢቀላቀልበት ነውር የለውም።

ማሽላን የድኻ ምግብ ነው ለሚል ሰው ግን አንድ ነገር ላስታውሰው። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ በታኅሣሥ ወር 1847 ዓ.ም. ሐረር በገባ ጊዜ ከአሚሩ ወጥ ቤት የተላከለትን ምግብ በመጽሐፉ ጽፎታል፤ ይኸውም በኮመጠጠ ወተት የራሰና ቀይ በርበሬ የተነሰነሰበት የማሽላ ቂጣ ነበር።

ወደ ወጡ እንለፍ። ሐረሪዎች «ሁልበት መረቅ» የሚሉት አለ። ሁልበት ማለት አብሽ ነው። በእኛ ጓዳ አብሽ በጥቂቱ የሚጨመር ቅመም ነው፤ እዚህ ግን የወጡ ጌታ እርሱ ራሱ ነው። የተፈጨው አብሽ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ከላይ የጠለለው መራራ ውኃ ይደፋና በሌላ ይለወጣል፤ ይህም ደጋግሞ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ነጥቶ እስኪኰረፈረፍ ድረስ ይመታል፤ የጀማሪን ክንድ የሚፈትነውም ይህ መምታት ነው። በመጨረሻ ከሥጋ መረቅ ጋራ ይዋሐድና በእንጀራ ይበላል። አብሹን ማጠብ ብዙ ውኃ ይጠይቃል፤ ሐረርም የውኃን ችግር የምታውቅ ከተማ ናት። ውኃ ትቀዳበት የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. በደረቀ ጊዜ የደረሰውን ጭንቅ ያዩ እመቤቶች ዛሬም የአብሹን እጣቢ እንዲሁ አይደፉትም።

አሁን አስቸጋሪ ወደ ሆነው ነገር ደረስሁ። እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው። በአገራችን ልማድ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ስለዚህም የሥጋ ቤቱ ደጅ በመስቀል ወይም በጨረቃ ምልክት ይለያል። የሁልበት መረቅ ደግሞ ያለ ሥጋ መረቅ ምን ይሆናል? እኔ ይህን ለመጠየቅ አፍሬ ሳለሁ፥ ባልቴቲቱ ሳልናገር ተረዱኝ። በዐቢይ ጾም አንድ ማታ ልጃቸው ክዳን ያለው ሳሕን ይዛ መጣች፤ «እናቴ ሥጋም ቅቤም የለበትም ብለዋል» አለች። በድንችና በቲማቲም የተሠራ ሁልበት ነበር። ድንቹ ከሐሮማያ አካባቢ የኦሮሞ ገበሬዎች የሚያመርቱት ነው። ያን ማታ የማሽላው እንጀራ ከገበታችን ተጠርጎ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ቤታቸው እገባለሁ። በቀይ አፈር በተለቀለቀው ነደባ ላይ ተቀምጠን፥ ከቡና ቅጠል ተፈልቶ ወተት የሚጨመርበትን ቁቲ እንጠጣለን። ግድግዳው በሰፌድና በሞሰብ የተሸፈነ ነው፤ ከነዚሁም አንዱን ሾጣጣ ክዳን ያለውን «ሐማት ሞት» ይሉታል። በአማርኛ ጆሮ ስሙ ያስደነግጣል፤ ትርጓሜው ግን የአማት ሞሰብ ማለት ብቻ ነው።

ሳሕን ባዶውን አይመለስምና፥ የዚያን የጾም ማታውን ሳሕን የመለስሁት የኛን አገር የሽሮ ወጥ ሞልቼበት ነበር። በማግሥቱ «በርበሬሽ በዛ» የሚል መልእክት ደረሰኝ፤ ሽሮው ግን አንድም ሳይቀር መበላቱን ልጅቱ በጆሮዬ ነገረችኝ።