የሐረር አውሮፕላን ማረፊያ ድሬዳዋ ነው

ሐኪም ጋራ ላይ ወጥቶ ቁልቁል የተመለከተ ሰው ጀጎልን በአሚር ኑር ግንብ ተከባ፣ ነጫጭ ሚናሮቿ ከጣሪያው መሃል ብቅ ብቅ ብለው ያገኛታል። ከከተማዋ ወጣ ሲል ደግሞ ዓይኑ የሚያርፈው በተረተር፣ በሸለቆና በእርከን በተሠራ የጫትና የማሽላ ማሳ ላይ ነው። ለአውሮፕላን መንደርደሪያ የሚበቃ ረጅም ሜዳ ግን በቀላሉ አይታየውም። ከአዲስ አበባ በአየር የመጣ እንግዳ ድሬዳዋ ላይ ወርዶ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ መጓዝ ያለበትም ለዚህ ነው። ሐረር የክልል ርዕሰ ከተማ ናት፤ ጀጎልም ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ታዲያ ለምን የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ አይኖራትም? ጥያቄው ተገቢ ነው። የእኔ መልስ ግን አዲስ ማረፊያ ከመገንባት ይልቅ ያለውን በእውነት የሐረር ማድረግ ይሻላል የሚል ነው።

ተራራው በሐረር ላይ ሲፈርድ የመጀመሪያው አልነበረም። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ዳገቱን መውጣት ወጪው ከባድ ሆኖ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰ፤ በዚያም አዲስ ሐረር የተባለች፣ ኋላ ድሬዳዋ የሆነች ከተማ ተቆረቆረች። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሐረርን ሳይነካ ነው ያለፈው። አውሮፕላንም ቢሆን በክፉ የመጣባት ጊዜ አለ፤ መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ጦር እንዳይነካት የታወጀላትን ከተማ በቦምብ ደበደቧት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መብረር ሲጀምር ሜዳውም ባቡሩም ያሉት ድሬዳዋ ነበር፤ የምሥራቁ በረራም እዚያው ሥር ሰደደ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ለመያዝ ሲዘምት ከዓላማዎቹ አንዱ እዚያ ያለው የኢትዮጵያ አየር ኃይል ሰፈር ነበር። የማረፊያው ስም ግን ዛሬም የሚመሰክረው ለሐረር ነው፤ ማረፊያው የተሰየመላቸው አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ የራስ መኮንን ልጅ ሲሆኑ፣ አባታቸው በ1898 ዓ.ም. ሲያርፉ የሐረርን ግዛት የተረከቡት እርሳቸው ነበሩ።

አንዳንዶች ሐረር የራሷ ማረፊያ ያላገኘችው ከፍታዋ ስለማይፈቅድ ነው ይላሉ። ይህ ምክንያት ብቻውን አያሳምነኝም። እርግጥ አየሩ በሳሳ ቁጥር አውሮፕላን ለመነሣት ረዘም ያለ ሩጫ ይፈልጋል፤ በተለመደው ስሌት በየ300 ሜትር ከፍታ መንደርደሪያው በ7 በመቶ ገደማ መርዘም አለበት። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር፣ የድሬዳዋ ማረፊያ ደግሞ ወደ 1,170 ሜትር ላይ ናቸው። ነገር ግን ሙቀትም አየሩን ያሳሳዋልና የድሬ ሐሩር የዝቅታዋን ጥቅም በከፊል ይወስድባታል፤ ቦሌም ከ2,300 ሜትር በላይ ሆኖ ግዙፍ አውሮፕላኖችን ያስተናግዳል። ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው። አንድ ማረፊያ በቀን አንድ በረራ ይኑረውም አሥር፣ የመቆጣጠሪያ ማማው፣ የእሳት አደጋ መኪናው፣ የፍተሻ ሠራተኛውና የአየር ጠባይ ተከታታዩ መኖራቸው ግድ ነው። ያ ወጪ የሚሸፈነው በመንገደኛ ብዛት ነው። ከሐረር በአንድ በኩል ድሬዳዋ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሌላው በኩል የጅግጅጋው ገራድ ዊልዋል ማረፊያ እያሉ በመሃል ሦስተኛ ማረፊያ ቢከፈት መንገደኛው ይከፋፈላል፣ በረራውም ይሳሳል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ አውሮፕላን የሚያርፍበት ቅርብ ሜዳ፣ በየቀኑ በረራ ካለው ሩቅ ሜዳ ያነሰ ጥቅም ነው የሚሰጠው። ለዚያ ሲባል የገበሬው የእርከን ማሳ መታረስ መቅረቱም ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የመንገዱ ነው። የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት በሌሊት መውጣት ለነፍሰ ጡርም፣ ለሕክምና አዲስ አበባ ለሚሄድ በሽተኛም ፈተና ነው፤ ይህን የሚያቃልል ሰው መንገዱን አያውቀውም። ሆኖም ችግሩ የመንገድ ከሆነ መፍትሔውም መንገዱ ላይ ነው። ጫት ነጋዴው ይህን ከማንም በፊት ገብቶታል። አወዳይ ላይ እስሩ በቅጠል ተጠቅልሎ ሳይጠወልግ ገበያው መድረስ አለበት፤ ቅጠሉ ከተቆረጠ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ኃይሉ ይደክማልና። ስለዚህ ከመሬት እስከ አየር ያለው ጉዞው በሰዓት ተቀምሮ ነው የሚሄደው። ለጫት የተቻለ ሰዓት ማክበር ለሰው የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። ከበረራው ሰዓት ጋር ተናቦ ከሐረር የሚነሣና በረራው ቢዘገይ የሚጠብቅ አውቶቡስ፣ ሻንጣ እዚያው ሐረር ላይ የሚረከብ ቢሮ፣ ደንገጎ ላይ መብራትና የመንገድ ዳር መከላከያ፣ ለበሽተኛ የተዘጋጀ አምቡላንስ ያስፈልጋል። የኤርፖርቶች ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ከአየር መንገዱ ጋር ተዋህዷል፤ ማረፊያውንና በረራውን የሚያስተዳድረው አንድ ተቋም በመሆኑ የሐረሪ ክልልና የድሬዳዋ አስተዳደር ጥያቄያቸውን አብረው ይዘው የሚሄዱበት በር ታውቋል። ከካናዳም ከአውስትራሊያም ዘመድ ለመጠየቅ የሚመጡ ሐረሪዎች ቲኬታቸውን ሲቆርጡ የመጨረሻ መድረሻቸው ሐረር ተብሎ፣ የአውቶቡሱም ዋጋ በዚያው ቲኬት ውስጥ ቢካተት፣ ለዚህ አንድም አዲስ መንደርደሪያ ማንጠፍ አያስፈልግም።