ወይን በስምጥ ሸለቆ፤ ስለ አበቃቀሉ፣ ስለ አጠማመቁና ስለ ስሙ

«ወይን» የሚለው ቃል በአገራችን እንግዳ አይደለም። ኖኅ ከጥፋት ውሃ በኋላ ወይን መትከሉን በመጽሐፍ ያነበበ ወይም ሲነበብ የሰማ ብዙ ነው፤ በቤተ ክርስቲያንም ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን ከዘቢብ፣ ማለት ከደረቀ የወይን ፍሬ፣ በውሃ ተዘፍዝፎና ተጨምቆ ይዘጋጃል። በጠርሙስ የሚሸጠውንም መጠጥ ሕዝባችን «ወይን ጠጅ» ብሎ መጥራቱ አስቀድሞ ከሚያውቀው ከማር ጠጅ ጋር ስላመሳሰለው ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ የታወቀውን ያህል ተክሉም ሆነ የአጠማመቁ ሥራ አልታወቀም።

ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ ሻሸመኔንና አርሲ ነገሌን አልፎ 110 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፣ ዛሬ ባቱ ከምትባለው ከዝዋይ ከተማ ይደርሳል። የፈረንሳዩ የካስቴል ኩባንያ የወይን እርሻና ፋብሪካ ያቋቋመው በዚች ከተማ አጠገብ ነው፤ የመጀመሪያውንም ወይን ጠጅ በጠርሙስ አድርጎ ለገበያ ያቀረበው በ2014 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ሐዋሳ ለምንገኝ ተማሪዎች የወይን ነገር የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ቀርቷል። ከዚህ በታች ሦስት ጥያቄዎችን ለመመለስ እንሞክራለን። እነርሱም፦ ወይን ከምድር ወገብ አቅራቢያ እንዴት ይበቅላል? ፍሬው እንዴት መጠጥ ይሆናል? የአንድ ሸለቆ ወይን በስሙ እንዲታወቅና እንዲከበርስ ምን ያስፈልጋል? ለማነጻጸር የምንወስደው በፖርቱጋል አገር ያለውን የዶውሮን ወንዝ ሸለቆ ነው፤ ምክንያቱም ሦስተኛውን ጥያቄ ገና ከጥንቱ በሕግ ከመለሱት አገሮች አንዱ እርሱ ነው።

በመጀመሪያ የተክሉን ጠባይ እንመልከት። ወይን ሐረግ ነው። በኤውሮፓ የብርዱ ወራት ሲገባ ቅጠሉን አራግፎ እንደ ሞተ እንጨት ይሆናል፤ ነገር ግን አልሞተም፤ ያርፋል። ብርዱ አልፎ ምድር ሲሞቅ እንቡጦቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈነዳሉ፤ ቀጥሎም ያብባል፣ ያፈራል፣ በመጨረሻም በመከር ወራት ይለቀማል። እንግዲህ የኤውሮፓ ገበሬ የወይኑን ዓመት የሚያስጀምርለት ብርዱ ነው ማለት ይቻላል።

የእኛ ክረምት ግን ሌላ ነው። እኛ ክረምት የምንለው ዝናቡን ነው እንጂ በረዶውን አይደለም። በዝዋይ አካባቢ ወይኑን የሚያስተኛ ብርድ የለም። ማንም ሳይነካው የተተወ ሐረግ ዓመቱን ሙሉ እንደ ለመለመ ይቆያል፤ ከጫፍ ጫፉ ብቻ እያቆጠቆጠ ይረዝማል፤ በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ አበባ፣ በሌላው ላይ ጥሬ፣ በሦስተኛው ላይ የበሰለ ፍሬ ይገኝበታል። እንዲህ ያለው ተክል ጥላ ለመሆን ይበቃ ይሆናል፤ ለወይን ጠጅ ግን አይበጅም፤ ፍሬው በአንድነት ካልበሰለ በአንድነት ሊለቀም አይችልምና።

ስለዚህ በሞቃት አገር የብርዱን ሥራ የሚሠራው ሰው ነው፤ መሣሪያዎቹም መቀስና ውሃ ናቸው። በመጀመሪያ ውሃውን በመቀነስ ተክሉ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ ቀጥሎም ይገረዛል። ከተገረዘና ውሃ ካገኘ በኋላ የቀሩት እንቡጦች አብረው ይነሣሉ። ከግርዘት እስከ ለቀማ ያለው ጊዜ እንደ ወይኑ ዓይነትና እንደ ቦታው ሙቀት ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አራት ወር ገደማ ነው። በዚህም የተነሣ በሞቃት አገር ከአንድ ተክል በዓመት ሁለት ጊዜ መልቀም የሚቻልበት ሁኔታ አለ።

አንባቢ ነገሩን በቀላሉ እንዲረዳው በእኛ ወራት እናስላው። በሚያዝያ የተገረዘ ወይን በአራት ወር የሚደርስ ከሆነ ፍሬው የሚበስለው በነሐሴ ነው። በነሐሴ ዝናቡ ይበረታል፤ የበሰለው ፍሬ ውሃ ጠጥቶ ይነፋል፣ ይሰነጠቃል፣ ይሻግታል፤ ስኳሩም ይቀጥናል። በመስከረም መጨረሻ የተገረዘው ግን በጥር ይደርሳል፤ ጥር ደረቅና ፀሐያማ ነው። ተክሉ ያው ነው፤ መሬቱም ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው መቀሱ ያረፈበት ቀን ብቻ ነው። የግርዘት ቀን መቍጠሪያ የሌለው የወይን እርሻ በእኛ አገር ሊቆም አይችልም የምንለው ስለዚህ ነው።

የቦታውም ከፍታ ትልቅ እርዳታ ያደርጋል። ዝዋይ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ቀን ፀሐዩ ፍሬውን ስኳር ያስቋጥረዋል፤ ሌሊት ቅዝቃዜው የፍሬውን ኮምጣጣነት ይጠብቅለታል። ሌሊቱም እንደ ቀኑ ቢሞቅ ኖሮ ፍሬው ጣፋጭ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ከእንዲህ ያለ ፍሬ የሚጠመቀው ወይን ደግሞ ለዛ የለውም። አሸዋማው መሬትም ውሃ አያቁርም፤ የወይን ሥር ደግሞ ረግረግ አይወድም። በዚህ መሬት ላይ ከፈረንሳይ የመጡ ዓይነቶች ተተክለዋል፤ ከቀዩ ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን፣ ከነጩ ሻርዶኔ ይገኛሉ። እርሻውም የአፍሪካ እርሻ ስለሆነ ጅብና ጉማሬ እንዳይገባበት ዙሪያውን ሰፊ ቦይ ተቆፍሮለታል። በዶውሮ ግን እንዲህ ያለ ቦይ አያሻም፤ የዚያ ድካም ሌላ ነው። ተራራው ቀጥ ያለ፣ ዐለቱም እንደ ገጽ በገጽ የሚሰነጠቅ ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ፣ ገበሬው ዐለቱን እየፈለጠ እንደ ኮንሶ እርከን ደረጃ በደረጃ ክቦ ወይኑን ይተክላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። የወይን ጠጅ ምሥጢሩ አጭር ነው፤ እርሾ የፍሬውን ስኳር በልቶ ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ጋዝ ይለውጠዋል። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ካለው ስኳር 17 ግራም ያህሉ አንድ በመቶ አልኮል ይሰጣል። እንግዲህ በሊትር 220 ግራም ስኳር ያለው ጭማቂ ፈልቶ ሲያበቃ 13 በመቶ ገደማ አልኮል ይኖረዋል ማለት ነው። የእናቶቻችንም ጠጅ በዚሁ ሕግ ይሠራል፤ ልዩነቱ ማሩ በውሃ መበረዝና ጌሾ መጨመር የሚገባው ሲሆን፣ የወይን ፍሬ ግን ውሃውንም ስኳሩንም ኮምጣጣነቱንም በራሱ ይዞ መገኘቱ ነው።

ቀይና ነጭ ወይን የሚለያዩት በአሠራር ነው። የአብዛኛው ቀይ ወይን ፍሬ ውስጡ ነጭ ነው፤ ቀለሙ ያለው በልጣጩ ላይ ነው። ስለዚህ ቀይ ወይን ሲሠራ ፍሬው ተፈርጦ ከነልጣጩና ከነዘሩ በትልቅ ጋን ይፈላል። ጋዙ ልጣጩን ወደ ላይ ስለሚገፋው እንደ ክዳን ሆኖ ይንሳፈፋል፤ ሠራተኛውም ወደ ታች እየደፈቀ ወይም ጭማቂውን ከሥር ቀድቶ ከላይ እያፈሰሰ ቀለሙንና አፍ የሚያጣብቀውን ጣዕም ያወጣል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ከፈላ በኋላ ይጨመቃል፤ ቀጥሎም በበርሜል ወይም በብረት ጋን እንዲሰክን ይደረጋል። ነጭ ወይን ሲሠራ ግን ፍሬው አስቀድሞ ይጨመቅና ልጣጩ ይጣላል፤ ጭማቂው ለብቻው ቀዝቀዝ ባለ ሙቀት ቀስ ብሎ ይፈላል። እንደ እኛ ባለ ሞቃት አገር ማቀዝቀዣ መሣሪያ የግድ ያስፈልጋል፤ ፍላቱ ከልክ በላይ ከሞቀ እርሾው ይሞታል፣ ሽታውም ይጠፋልና።

የዶውሮ ሰዎች በዓለም የታወቁበት ፖርቶ የሚባለው ወይን ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው። ቱሪጋ ናሲዮናልን፣ ቱሪጋ ፍራንካንና ቲንታ ሮሪዝን የመሳሰሉት ፍሬዎች በድንጋይ ገንዳ ውስጥ ይደረጋሉ፤ በቀድሞው ልማድ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው በእግራቸው ይረግጧቸው ነበር፤ ይህም ልማድ በአንዳንድ ስፍራ ዛሬም አልቀረም። ጭማቂው ፈልቶ ግማሽ መንገድ ያህል ሲደርስ 77 በመቶ አልኮል ያለው የወይን አረቄ ይጨመርበታል። በዚህ ጊዜ እርሾው ይሞትና ያልተበላው ስኳር ይቀራል። ስለዚህ ፖርቶ ጣፋጭም ብርቱም ነው፤ አልኮሉ 20 በመቶ ገደማ ይደርሳል።

ሦስተኛው ጥያቄ የስም ጥያቄ ነው፤ ለእኛም ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ይህ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የፖርቶ ወይን በእንግሊዝ አገር ገበያ አግኝቶ ሳለ፣ ስሙን ብቻ የፈለጉ ሰዎች የሌላ ቦታ ወይን ይቀላቅሉበት፣ ቀለም እንዲሰጠውም የዱር ፍሬ ጭማቂ ይጨምሩበት ጀመር። ስሙ ተበላሸ፤ ዋጋው ወደቀ፤ ገበሬውም ተጎዳ። በ1756 የፖርቱጋል መንግሥት ሚኒስትር የነበረው፣ በኋላ የፖምባል ማርኪዝ የተባለው ሰው፣ ንግዱን የሚቆጣጠር ኩባንያ አቋቋመ፤ የሸለቆውንም ወሰን አስከለለ። በወሰኑ ላይ ከ300 በላይ የጥርብ ድንጋይ ምልክቶች ተተከሉ፤ ቀለም የሚሰጠውም የዱር ዛፍ እንዲነቀል ታዘዘ። ከዚያ ወዲህ ከድንጋዮቹ ውጭ የበቀለ ፍሬ በዚያ ስም ለመሸጥ መብት አልነበረውም። ያ የተደከመበት ሸለቆ በ2001 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

የእኛስ ሁኔታ እንዴት ነው? በአዲስ አበባ ያለው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ከካስቴል በፊት ለረጅም ዘመን ሲሠራ የኖረ ነው፤ በደርግ ዘመን የመንግሥት ሆኖ ቆይቶ በ2013 ወደ ግል ባለቤቶች ተዛውሯል። የወይን እርሻው በአዋሽ ወንዝ ሸለቆ፣ በአርሲ በመርቲ ነው። ከታወቁት ወይኖቹ አንዱ ግን «ጉደር» ይባላል፤ ጉደር ደግሞ ከአምቦ በስተምዕራብ የሚገኝ ከተማና ወንዝ ነው። ጣፋጩም «አክሱማይት» ተብሏል። ስሞቹ ያማሩ ናቸው፤ ሕዝቡም ይወዳቸዋል፤ ነገር ግን ፍሬው የበቀለበትን ምድር አያመለክቱም። የካስቴል ወይን «ሪፍት ቫሊ»፣ ማለት ስምጥ ሸለቆ፣ መባሉ ለእውነቱ ይቀርባል። ቢሆንም ይህ የአንድ ድርጅት የንግድ ምልክት ነው እንጂ እንደ ዶውሮ የተከለለ የወይን አገር ስም አይደለም። ስምጥ ሸለቆ ደግሞ ከአፋር ተነሥቶ በኬንያና በታንዛንያ አልፎ እስከ ሞዛምቢክ የሚዘልቅ ስለሆነ፣ ለአንድ ወይን መለያ ይሆን ዘንድ እጅግ ሰፊ ነው።

የስም ዋጋ ለሐዋሳ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ይርጋ ጨፌና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ማመልከቻ አቀረበ፤ ክርክር ተነሣ፤ በ2007 ስታርባክስ ከሚባለው ትልቅ የቡና ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈረመ። የዚያ ክርክር ፍሬ ነገር ገበሬው የሚሸጠው ፍሬውን ብቻ ሳይሆን የአገሩንም ስም ጭምር መሆኑ ነበር። ነገር ግን ቡናው ስሙን ያስከበረው ዝናው ዓለምን ከሞላ በኋላ ነው፤ ዶውሮም ድንጋዩን የተከለው ስሙ ከተበላሸ በኋላ ነው። የእኛ ወይን ገና ልጅ ስለሆነ ከሁለቱም ቀድሞ ለመጀመር ዕድል አለው።

ይህ እንዲሆን በእኛ አስተያየት ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያና በአዋሽ ሸለቆ ወይን የሚበቅልበት መሬት ዐፈሩ፣ ዝናቡና የሌሊት ቅዝቃዜው ተመርምሮ በካርታ ይገለጽ። ሁለተኛ፣ የግርዘትና የለቀማ ቀን፣ የፍሬውም የስኳር መጠን በየመከሩ ይመዝገብ፤ አንድ ቦታ ጠባይ አለው ማለት የሚቻለው ከብዙ መከር መዝገብ በኋላ ነው። ሦስተኛ፣ ውሃው ይለካ። የዝዋይ ሐይቅ ውሃ ለከተማው፣ ለዓሣ አጥማጁ፣ ለአበባና ለአትክልት እርሻዎች የሚያገለግል ሲሆን፣ ትርፉ በቡልቡላ ወንዝ ወርዶ ወደ አብያታ ይገባል፤ አብያታም እየሸሸ መሄዱ የታወቀ ነው። ሐይቁን ያደረቀ ወይን በሐይቁ አገር ስም ሊመካ አይገባውም።

ከእነዚህ ሥራዎች አብዛኞቹ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም፤ የሙቀት መለኪያ፣ መዝገብና ትዕግሥት ይበቃቸዋል። ስለዚህ በእርሻ ትምህርት ክፍል ያሉ ጓደኞቻችን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ ሲፈልጉ ይህን እንዲያስቡበት እናሳስባለን። ከሐዋሳ እስከ ዝዋይ ያለው መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው።