ምርመራው «ወባ የለም» ቢልም ከየት እንደመጣችሁ ተናገሩ

ድንበሩን ተሻግሬ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ያንቀጠቅጠኝ ጀመር። ከጣቴ ደም ወስደው በፈጣን መመርመሪያ አዩና «ወባ የለብህም» አሉኝ። ብርድ መትቶኝ ነው ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ ባሰብኝ፤ ያኔ ሌላ ባለሙያ «ከየት ነው የመጣኸው?» አለኝ። ያቺ ጥያቄ ነች የጠቀመችኝ፤ ደሜ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቫይቫክስ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኬንያ ውስጥ የሚበዛው ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ ስለሆነ፣ አንዳንዱ መመርመሪያ የሚያየው እሱን ብቻ ነው። በአገራችን ግን ቫይቫክስም አለ። አንዳንዱ ፋልሲፓረም ደግሞ፣ በኢትዮጵያም በኤርትራም እንደታየው፣ መመርመሪያው የሚፈልገውን ፕሮቲን አያመርትም። ስለዚህ ትኩሳቱ ካልለቀቃችሁ በማይክሮስኮፕ እንዲታይላችሁ ጠይቁ።

ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ይመለሳል። የተደበቀውን ለማጥፋት ፕሪማኪን ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን ይዋጣል። ግን ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም በጎደለው ሰው ላይ ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈራርስበታል፤ ነፍሰ ጡርም አትወስደውም። እናም ከጎረቤት ተበድራችሁ እንዳትውጡ። ጀምራችሁ ሽንታችሁ እንደ ቡና ከጠቆረ፣ አቁማችሁ በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ ሂዱ።